ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ያልኩሽ

ቶሮንቶ፣ ካናዳ

ውድ እናቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ይህችኑ ቃል ባለፈው ዓመትም ጽፌልሽ ነበር፤ ያኔ ግን ውሸት ነበረች። ቀኝ ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ በሁለት ምርኩዝ እያነከስኩ ነው የጻፍኳት። ደብቄሽ ልቀር ነበር፤ እህቴ ስለ ታናሻችን ጉልበት ስትነግረኝ ግን ዝምታው ከበደኝ።

ቅዳሜ ከአገር ልጆች ጋር ኳስ ስንጫወት፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ልዞር ስል እግሬ መሬት ላይ ተተክሎ ቀረና ጉልበቴ ውስጥ «ቀጭ» አለ። ማታውኑ እንደ ዱባ አበጠ። በኤም አር አይ ሲታይ የጭንና የቅልጥም አጥንትን ከውስጥ የሚያያይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል። ሐኪሙ ከራሴ ጭን ጀርባ ጅማት ወስዶ ተካልኝ። («ጅማት» ብዬ ስጽፍ እንኳ እጄ «ጅማ» ላይ ማቆም ይከጅለዋል።)

«ማን አስታመመህ?» እንደምትይ አውቃለሁ። በዚያ በረዶ በምርኩዝ መውጣት ስለማልችል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ነርሷ፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ራሱ በስልኬ ቪዲዮ ይመጡልኝ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ጉልበታቸው እንደ እኔው የተጠገነ አምስት ሰዎች በዚያው ቪዲዮ አብረውኝ እንቅስቃሴ ይሠሩ ነበር፤ አንዷ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። እሷ እግሯን አሥር ጊዜ ስታነሣ እኔ በስድስተኛው እንዴት ልተው?

የመጀመሪያ ቀን ምን እንዳዩብኝ ታውቂያለሽ? ትራስ። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ትራስ ከስሩ ሳስገባ ሕመሙ ጋብ ስለሚልልኝ እንዲያ ሆኜ ሰንብቻለሁ። ባለሙያዋ ገና ስታየው «አሁኑኑ አውጣው» አለችኝ። ጉልበት እንደታጠፈ ከለመደ በኋላ አልዘረጋም ይላል፣ ያልተዘረጋ ጉልበት ደግሞ ያስነክሳል። ተረከዜን ከፍ ያለ ነገር ላይ አድርጌ ጉልበቴን እንድለቀው አዘዘችኝ። ቤቱን ብፈትሽ የተገኘው አንቺ የላክሽልኝ የጅማ በርጩማ ነው። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር መቀመጫ ነው አልኳቸው። «ካንተ በሁለት ጤነኛ እግር ይበልጣል» አለ አንዱ።

በሦስተኛው ወር ሕመሙ ጠፋና ልሩጥ አልኩ። ከለከሉኝ። የተተካው ጅማት ገና የደም ሥር እያበጀ ስለሆነ ሳያምም የሚደክምበት ጊዜ ነው አሉ። ከ9 ወር በፊት ኳስ የለም፤ ከዚያም ወዲያ ቢሆን የተሠራው እግር በዝላይ ሲፈተን ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ሰላት እንኳ ለወራት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የሰገድኩት።

አሁን ወደ ታናሼ ልምጣ። ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ወጌሻም እያሸው ነው አሉኝ። ወጌሻው ወለምታ ያውቅ ይሆናል፣ አልከራከርሽም። መስቀለኛው ጅማት ተበጥሶ ከሆነ ግን በመታሸት አይቀጠልም። እባክሽ ጅማ ሕክምና ማዕከል ሄዶ የአጥንት ሐኪም ይየው። ለቀዶ ጥገናው አትደንግጪ፣ ሁሉም ሰው አያስፈልገውም፤ ጡንቻ በማጠንከር ብቻ የሚድኑ አሉ። እሱን የሚለየው ግን ሐኪሙ ነው፣ እኔም አይደለሁ፣ ወጌሻውም አይደለ።

እሑድ ከመግሪብ በኋላ እደውላለሁ። ስልኩን ረከቦቱ ላይ አስደግፉልኝ፣ ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው ማየት የምፈልገው። በርጩማም አቅርቡለት።

እህቴ የላከችልኝን ፎቶ ደግሞ አይቼዋለሁ፣ እማዬ። ትራሱን ከጉልበቱ ስር አንሺው።

ናፋቂሽ ልጅሽ