ከሐዋሳ የተደለደልነው ሠራተኞች ሪፖርቱ ውስጥ የለንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ አፈጻጸም ያወጣችሁትን ዘገባ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ቤት ተሠርቷል፣ ለወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጥሯል፣ ቢሮዎችም በስድስት ከተሞች ስለተደራጁ አገልግሎት ለሕዝቡ ቀርቧል ይላል። ይህን የመጨረሻውን የጻፈው ጋዜጠኛ አንድ ፊርማ ፍለጋ ከጂንካ ወላይታ ሶዶ ወርዶ ያውቃል?

እኔ ክልሉ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ከቀድሞው የደቡብ ክልል መቀመጫ ከሐዋሳ ወደ ጂንካ ከተመደቡት አንዱ ነኝ። ማዕከላቱ ለምን ተከፋፈሉ አልልም። ለደቡብ ኦሞ ሰው ሐዋሳ ከሶዶም የባሰች ሩቅ ነበረች፤ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት የክልል ቢሮ ማግኘታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የባለጉዳይ ጉዳይ በአንድ ቢሮ አያልቅም። እዚህ የተጀመረው ሌላ ከተማ ካለ ቢሮ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ባለፈው ክረምት ዶሴ ታቅፌ በካራትና በአርባ ምንጭ አድርጌ ሶዶ ስደርስ «ኃላፊው ስብሰባ ወጥተዋል» ተባልኩ። አድሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። የተከፈለኝ አበል የአልጋውን እንኳ አልሸፈነም። እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፤ በራሱ ገንዘብ የሚመላለሰው ገበሬስ?

የቤቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። ያን ሁሉ ሠራተኛ ባንዴ ወደ ትንንሽ ከተሞች ሲልኩት ኪራይ እንደሚንር ለማወቅ ምን ጥናት ያስፈልግ ነበር? እኛ ተቸገርን፣ ነባሩንም ተከራይ አስወጣነው። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ጠዋት ጠዋት ፍራሻችንን ግድግዳ አስደግፈን ነው ቢሮ የምንገባው። ባለቤቴ ሐዋሳ መምህርት ናት። ሐዋሳ ዛሬ የሲዳማ ክልል ስለሆነች የእሷ ዝውውር የሁለት ክልሎች ጉዳይ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ልጆቼን የማሳድጋቸው በስልክ ነው። ተሠራ ብላችሁ ከቆጠራችሁት ቤት ለእኛ የታሰበ የቱ ነው?

ስለ ሥራ ዕድሉም አንድ ነገር ልበል። በ2016 ዓ.ም. ወላይታን ጨምሮ በክልሉ በተለያዩ አካባቢዎች የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ሲዘገይና ሲቆራረጥ ከርሟል። ምክንያቱ ከበጀት የሚቆረጠው የማዳበሪያ ዕዳ ነው ሲባልም ሰምተናል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ያስተማረ መምህር ሳይከፈለው የከረመበትን ክልል አዲስ በተቀጠረው ብቻ መዝኖ «እድገት» ማለት ሠራተኛውን መናቅ ነው። ጋዜጣ ደግሞ ይህን ሳይጠይቅ ሲያትም የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ሆነ ማለት ነው።

ቀጣዩን ዘገባ ስትሠሩ ኃላፊዎቹን ይህን ጠይቁልን፦ ከሐዋሳ ከተደለደልነው ውስጥ ስንቱ ሥራ ለቀቀ? ስንቱ ከትዳሩ ተለያይቶ ይኖራል? ለሠራተኛው የቤት መሥሪያ ቦታ የተዘጋጀው በየትኛው ከተማ ነው? የሚሰጧችሁን መልስ እንዳለ አትሙት።

የክልሉ መንግሥት ሠራተኛ
ከጂንካ