ልጅቷን ሽማግሌ አታድርጓት

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? ድምፄን ስላጠፋሁ አትቀየሚኝ። ለመፋታት መወሰናችሁን ሰማሁ፤ ለልጆቹ ስትይ መቻል ይሻል እንደሆነም ትጨነቂያለሽ አሉኝ።

ልጆችን ክፉኛ የሚጎዳቸው ከፍቺው በፊትም በኋላም የማያባራው ጠብ ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማቪስ ሄዘሪንግተን ለዓመታት ከተከታተለቻቸው ልጆች መካከል ወላጆቻቸው ከተፋቱት ከ100 ወደ 25ቱ፣ ካልተፋቱት ደግሞ ወደ 10ሩ ከባድ ችግር ገጥሟቸዋል። ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ቢሆንም የሚበዙት ደህና ሆነው አድገዋል።

እኔን የምታሳስበኝ ትልቋ ናት። «የትምህርት ቤት ክፍያው ቀኑ አልፏል በይው» ብለሽ ትልኪያታለሽ። አባቷ ይቆጣል፤ እሷ ቁጣውን አለዝባ ታመጣልሻለች፣ ያንቺንም አለዝባ ትወስድለታለች። ሽማግሌ እንኳ አስታርቆ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እሷ ግን የምትገባው እዚያው ጠቡ ያለበት ቤት ነው። ስለ ብርና ስለ ቀጠሮ ሁለታችሁ በቴሌግራም ተጻጻፉ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የብር መጠን፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አይጻፍ።

ለልጆቹ የምትነግሯቸው አንዳችሁ ከቤት ሳትወጡ በፊት ይሁን፤ አብራችሁ፣ ከፈተና ሳምንት ውጭ። የት እንደሚያድሩ፣ ትምህርት ቤት ይቀየር እንደሆነ፣ ሌላኛውን ወላጅ መቼ እንደሚያገኙ ንገሯቸው። ማን ማንን እንደበደለ አይነገራቸው። «ከማን ጋር ትኖራላችሁ?» ብላችሁም አታፋጥጧቸው። ስለ ፕሮግራሙ ሐሳባቸውን ስሙ፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው።

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በስምምነት ስትፋቱ የልጆቹን ጉዳይ ጭምር በጽሑፍ ታቀርባላችሁ። ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ከሰጣችሁ ፕሮግራሙን ሞክሩበት። «አባት በየጊዜው ያያቸዋል» የሚል ስምምነት ጠብ ይወልዳል። ዓርብ ስንት ሰዓት፣ ማን ያደርሳል፣ ፋሲካ የት ይዋላል፣ ቀለቡ በወሩ ስንተኛው ቀን ይገባል፣ ሁሉም ይጻፍ።

ትንሹ ሲከፋው በር ይደበድባል፣ ያመሻል፤ እሱ በግልጽ ይታያል። የሚያመልጠን ዝም ብላ ቤት የምታሰናዳው፣ አንቺን የምታባብለው ልጅ ናት። የእንቅልፍ መዛባት (በአሥራዎቹ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋል)፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠት፣ ከጓደኛ መራቅ፣ የውጤት ማሽቆልቆል፤ እነዚህ ከ2 ሳምንት ካለፉ ባለሙያ ይያት። ስለ መሞት ካወራች ግን ቀን አትቁጠሪ፣ ዕለቱን ሐኪም ቤት ውሰጃት።

የስምምነቱን ረቂቅ ከመፈረማችሁ በፊት ላኪልኝ፤ የልጆቹን ክፍል አንብቤ እደውልልሻለሁ።

ወዳጅሽ