ደብዳቤ ለልጄ፦ ያደርሽበትን ግንብ አየሁት

ፍራንክፈርት፣ የመስቀል ሰሞን

ሚሚዬ፣

እንዴት ነሽ? ሃምቡርግ ብርዱ ጀመረ? እኔና እናትሽ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ ደግሞ ልነግርሽ ያሰብኩትን እረሳለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። አማርኛው ከከበደሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ልጅ ሆነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ስትቆጥሪም እንደዚያ ነበር የሚገባሽ።

ወሬው እንዲህ ነው፦ ያደርሽበትን ግንብ ሄጄ አየሁት።

አራተኛ ክፍል ሆነሽ ከክፍልሽ ልጆች ጋር ራይን ወንዝ ዳር ወዳለችው ባኻራኽ ከተማ ሄዳችሁ ሦስት ሌሊት አድራችሁ ነበር። ስትመለሺ ቦርሳሽን እንኳ ሳታወርጂ «አባዬ፣ ግንብ ውስጥ ተኛን! ማን ነው የሠራው?» አልሽኝ። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ሶፋው ላይ ተጋድሜያለሁ። «ንጉሥ ነዋ! እንደ ጎንደሩ፣ እንደ ፋሲል» ብዬሽ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንቺ ወሬሽን አላቆምሽም። ስለ ወንዙ፣ ስለ አይጦች፣ ስለ ሰንሰለት ስታወሪ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ብርድ ልብስ አልብሰሽኝ ነበር። ያ ነገር ይኸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

27 ዓመት ፍራንክፈርት ኖሬ፣ በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን የሚያስኬድ ቦታ ሳላይ ቀረሁ። ሁሌ «ሌላ ጊዜ» ነበር። ዘንድሮ የመስቀል ማግስት ረፍት ወጣሁና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣቢያ ተገኘሁ። የወር ትኬቴ ለሥራ መመላለሻ ብቻ አይደለም ለካ!

ባቡሩ ሩደስሃይም አወረደኝ። ራይን ከስዊዘርላንድ ተራራ ተነስቶ ሆላንድ ላይ ባሕር እስኪገባ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ውቡ ሸለቆ ግን ከሩደስሃይምና ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው 65 ኪሎ ሜትር ያህሉ ነው። በ2002 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል (ዓመቱን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጅ ነው፤ በኛ ብቆጥር ትደናገሪያለሽ)። እዚያች 65 ኪሎ ሜትር ውስጥ 40 ያህል ግንብ አለ። መርከብ ላይ ወጥቼ ከላይ ክፍት ቦታው ላይ ተቀመጥኩ። ብርድ ነበር። ሌሎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ እኔ ጋቢ ባመጣሁ ኖሮ አልኩ።

ትንሽ እንደሄድን ወንዙ መሃል ደሴት ላይ አንድ ቢጫ ማማ አየሁ። የአይጥ ግንብ ይሉታል። አይጦችሽን እዚያ አገኘኋቸው! ከ1000 ዓመት በፊት የማይንዝ ከተማ ሊቀ ጳጳስ ሃቶ የሚባል ሰው ነበር አሉ። የረሃብ ዘመን ሆነ። ጎተራው ሙሉ ነው፣ ሕዝቡ ያልቃል። ድሆች እህል ሲለምኑት ጎተራ አስገብቶ ዘጋባቸውና አቃጠላቸው። ሲጮሁ «አይጦቼ ሲንጫጩ ስሙ» አለ። ከዚያ የእውነት አይጥ መጣበት። በጀልባ ሸሽቶ ማማው ውስጥ ቢገባ አይጦቹ ዋኝተው ደረሱበት፣ በሉት። ይህን ተረት አገር ቤት ለሰው ብነግር ማንም ጀርመን ውስጥ የሆነ አይመስለውም። እህል ደብቆ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው የትም አለ። ታሪክ የሚያውቁት ግን ስሙ ከአይጥ የመጣ አይደለም ይላሉ። በድሮው ጀርመንኛ ቀረጥ ለሚባለው ቃል ስለሚቀርብ ነው አሉ። ማማው ከመርከብ ቀረጥ የሚሰበሰብበት ነበር።

ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው፣ ሚሚዬ። ንጉሥ ብዬሽ ነበር። ንጉሥና መስፍንማ ሠርተውታል፤ ግን ብዙው ያገለግል የነበረው ለኬላ ነው።

ኬላ ምን እንደሆነ አንቺ አታውቂም። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ከጎጃም እህል ጭኖ አዲስ አበባ ሲሄድ አንዳንዴ ጋቢና ያስቀምጠኝ ነበር። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል። መኪናው ይቆማል። አንድ ሰው የሾለ ብረት ይዞ ይመጣና ጆንያውን ውግት ያደርገዋል፤ ሌላ ነገር ተደብቆ እንደሆነ ለማየት። ከተወጋበት ቀዳዳ ጤፉ ሽር ሽር እያለ ሲፈስ አባቴ በአውራ ጣቱ ይደፍነዋል። ብር ተከፍሎ ገመዱ ሲወርድ ነው አባቴ የሚተነፍሰው። እና ካውብ የምትባል ከተማ ስንደርስ ትዝ ያለኝ ያ አውራ ጣት ነው።

ካውብ ጋ ወንዙ መሃል፣ ትንሽ ደሴት ላይ፣ ነጭ ግንብ ቆሟል። ፋልትስግራፈንሽታይን ይባላል (ለመጥራት ሞክሪ፣ እኔ መርከቡ እስኪያልፈው ድረስ አልቻልኩም)። ባቫሪያዊው የሚባለው የጀርመን ንጉሥ ሉድቪግ ከ1326 ገደማ ጀምሮ ያሠራው ነው። ሹል ጫፉ ውሃው ወደሚመጣበት ዞሯል፤ በብርዱ ወራት በረዶ ተንሳፍፎ ሲመጣ እንዲሰነጥቀው። ከሩቅ ሲታይ የድንጋይ መርከብ ይመስላል። ከካውብ በላይ ሌላ ግንብ አለ፣ ጉተንፌልስ። አንዱ ከተራራው፣ አንዱ ከወንዙ ሆነው መሃል ላይ ሰንሰለት ይዘረጋሉ። የማይከፍል አያልፍም። ሰንሰለትሽም ይኸው ተገኘ። ነጋዴው አንድ ኬላ ከፍሎ ሲወጣ ቀጣዩ መስፍን ይጠብቀዋል። ይህ ነገር በስምምነት የተዘጋው በ1868 ነው፤ የማንሃይም ስምምነት ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ራይን ላይ ለማለፍ ቀረጥ የለም።

ካውብን ግን በዜናም ሰምተሻት ይሆናል። የወንዙ ጥልቀት የሚለካው እዚያ ነው። በ2018ና በ2022 ድርቅ ጊዜ ውሃው በጣም ወርዶ መርከቦች ግማሽ ጭነት እንኳ መያዝ አቅቷቸው ነበር። በ2018 ሰዎች በእግራቸው ወደ ግንቡ ተሻግረዋል። የኬላ ሠራተኞቹ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ቅደም ተከተሉን አዘባረቅኩት። ካውብ ከባኻራኽ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ መጀመሪያ ባኻራኽ ወርጃለሁ።

ከተማዋ የተረት መጽሐፍ ሥዕል ናት። ቤቶቹ በእንጨት የተዋቀሩ ናቸው፤ አንዱ 1368 የሚል ተጽፎበታል። ወደ ግንብሽ የሚወስደው ደረጃ መንገድ ላይ ጣሪያ የሌለው ቀይ የድንጋይ ቤተ ጸሎት አለ። ቆንጆ ነው ብዬ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ታሪኩን አነበብኩና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። በ1287 አንድ ልጅ ሞቶ ተገኘ። አይሁዶች ገደሉት ተባለ፤ ውሸት ነበር። በወንዙ ዳርና ዳር ብዙ አይሁዶች ተጨፈጨፉ። ቤተ ጸሎቱ ለዚያ ልጅ መታሰቢያ የተሠራ ነው። ይህንን ለእናንተ ነግረዋችሁ ነበር? ወይስ አራተኛ ክፍል ናችሁ ብለው ዘለሉት? እኔ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። የደከመኝ ደረጃው ብቻ አልነበረም።

ግንብሽ ሽታሌክ ይባላል፤ ረስተሽው እንዳይሆን። በከፊል የሚከበው ውሃ ያለው ጉድጓድ አለው። በ1689 የፈረንሳይ ወታደሮች በባሩድ አፍርሰውት ከ200 ዓመት በላይ ፍርስራሽ ሆኖ ቆየ። መልሰው የሠሩት በ1920ዎቹ ለወጣቶች ማደሪያ ብለው ነው። የኛ ፋሲል ግንብ የቤተ መንግሥት ሰው ያደረበት ነው፤ የዚህኛው አልጋ ላይ ደግሞ የኔ የሻንጣ ጫኙ ልጅ አድራበታለች። ስሄድም ግቢው በልጆች ተሞልቷል። አንዷ ትንሽዬ ልጅ የጫማዋ ክር ተፈትቶ እየሮጠች ስትመጣ «ቀስ!» አልኳት፣ በአማርኛ። ቆም ብላ አየችኝና ሳቀች። ቡና ገዝቼ ግድግዳው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ቡናው ቡና አይባልም፤ ግን ከዚያ ላይ ወንዙ ሲታይ ይጠጣል።

ከታች የወይን ማሳ ነው። ሚሚዬ፣ ያ ዳገት ፍየል እንኳ የሚያዳልጣት ነው! አፈሩ አፈር አይመስልም፤ ጥቁር ስስ ድንጋይ፣ እንደ ድሮ የትምህርት ቤት ሰሌዳ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚላጥ። አንዱን አንስቼ ብይዘው ሞቋል፤ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ምስጢሩ ይህ ነው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ለወይኑ መልሶ ይሰጠዋል። ሪስሊንግ የሚሉት ነጭ ወይን የሚወጣው ከዚያ ነው። ትራክተር ስለማይወጣው ብዙው ሥራ በእጅ ነው። ለቃሚዎቹ በአንድ ሐዲድ ላይ የምትሳብ ሚጢጢ ጋሪ አለቻቸው፤ ጭነቱን እሷ ታወርዳለች። ግን ብዙ እርከን ጫካ ውጦታል። ሥራው ከባድ፣ ገንዘቡ ትንሽ፤ ልጆቹ ከተማ ገቡ። ይህንንስ እኔ መች አጣሁት?

ከዚያ በሚቀጥለው መርከብ በካውብ አልፌ ሎረላይ ደረስኩ። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ተነሳ። 132 ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ነው፤ አለቀ። ላዩ ላይ ፀጉሯን የምታበጥር ቆንጆ መርከበኞችን በዘፈን ታሰጥማለች ይላሉ። እውነቱ ወንዙ እዚያ ጠባብ ነው፣ ይጠመዘዛል፣ ውስጡም አለት አለበት። ዛሬም መርከቦቹን በመብራት ምልክት ነው የሚያሳልፏቸው።

ዛንክት ጎር ወረድኩ። ባቡሬ በማዶ ነው፤ ድልድይ ደግሞ የለም። ከማይንዝ አካባቢ እስከ ኮብሌንዝ አንድም ድልድይ የለም ብልሽ ታምኛለሽ? በጀርመን አገር! በጀልባ ተሻገርኩ።

ጣቢያው አጠገብ አንዲት ሴትዮ ፌደርቫይሰር ትሸጣለች። ገና መፍላቱን ያልጨረሰ የዘንድሮ ወይን ነው። ሲታይ ጉሽ ጠላ፣ ሲቀመስ ብርዝ። ከሱ ጋር የሽንኩርት ኬክ ይበላል አለችኝ። አሳማ አለበት ወይ ስላት አለበት አለች። የእናትሽን ድፎ ዳቦ አወጣሁና በሱ በላሁ። ለእናትሽም አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። «አታጋድመው» ብላኛለች፤ ክዳኑ እንዲተነፍስ ተብሎ ለቀቅ ያለ ነው። እሺ አልኩና ባቡር ውስጥ ቦርሳዬን አጋድሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ከጎኔ ያሉ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ሲነኩኝ ነው። ሱሪዬ ርሷል። ሴትዮዋ ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ መሐረብ እየሰጡኝ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እናትሽ በር ላይ ስታገኘኝ «ጠጥተህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ግማሹ ተርፎ ስለነበር እሷም ቀመሰችው፤ ጠጅ ይሻላል አለች።

ያን ስስ ድንጋይ አንዱን ኪሴ ይዤልሽ መጣሁ። አሁን የሻይ ስኒዬን አስቀምጥበታለሁ፤ ስትመጪ ትወስጂዋለሽ።

ጥቅምት ላይ ትመጫለሽ ብለሻል። የወይኑ ቅጠል የዚያን ጊዜ ቢጫ ይሆናል አሉኝ። ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ፣ ቅዳሜ ነፃ ነኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግቢው ውስጥ ቆሜ መስኮቶቹን ብቆጥርም ማወቅ አልቻልኩም። የተኛሽበት ክፍል የትኛው ነበር? ወደ ወንዙ ነው የሚያየው ወይስ ወደ ወይኑ?

አባትሽ