ጨፌው ሳይደርቅ

ጅማ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጀማል፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናቴም ስምህ በተነሣ ቁጥር ትመርቅሃለች። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል፤ ዝምታው ግን አንዳችንን ከሌላው ልብ እንዳላወጣ ስለማምን፣ ወሬ ሳላበዛ ብዕር ወዳስነሣኝ ጉዳይ እገባለሁ።

ሰሞኑን ሥራ ወደ ኢሉባቦር ወስዶኝ ነበር። መቱ አካባቢ ጉዳዬን እንደ ጨረስኩ፣ በኮረብቶቹ መካከል የተኛውን ጨፌ፣ ረግረጉንና በላዩ የሚበቅለውን ረጅም ሣር፣ እንዲያሳዩኝ የአገሩን ሽማግሌዎች ለመንኋቸው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጨፌው እስከ ደረት ደርሶ፣ ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ሲረግጡት ከሥሩ ውሃ ብቅ ይላል። ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላቸው ረጃጅም ጥቁር ወፎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በመካከሉ ሲመላለሱ ቆሜ ተመለከትኩ። ልጆች ሳለን በጅማው ረግረግ በቦዬ ዳር ስናያቸው የነበሩት ወፎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ግን ሕዝቡ ጨፌውን የሚያስተዳድርበት ሥርዓት ነው። አራሾቹ ከመካከላቸው አንድ የታመነ ሰው መርጠው አባ ለጋ ብለው ይሾሙታል። በበጋ ውሃው በየትኛው ቦይ እንደሚፈስ፣ ቦዩ መቼ እንደሚጠረግ፣ ከብት መቼ እንደሚገባና እንደማይገባ የሚያስማማቸው እርሱ ነው፤ ሥራውም በዳዶ፣ በየተራ በመረዳዳት፣ ስለሚሠራ ማንም ብቻውን አይደክምም። በደረቁ ወራት ውሃውን በልክ ቀንሰው በቆሎ ይዘራሉ፤ የደጋው ጎተራ ባዶ በሚሆንበት በክረምት እሸቱ ይደርስላቸዋል። ከአዝመራው በኋላ ቦዩን መልሰው ይደፍኑና ውሃው እንዲተኛበት ያደርጋሉ። የሸለቆውን ራስ፣ ምንጮቹ የሚፈልቁበትን ክፍል፣ ጠንቃቃዎቹ ጨርሶ አያርሱትም፤ በጨፌ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ በበጋም ውሃውን ቀስ እያለ ለታችኛው ማሳ የሚያካፍለው እርሱ ነው። አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ያለውን ሌላ ሸለቆ በእጃቸው አመለከቱኝ። በዚያ በቆሎው ተነሥቶ መሬቱ ሳያርፍ ወዲያው ጤፍ ተዘርቶበት፣ ከብትም ረግጦት፣ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ጨፌው ሳይመለስ ቀርቷል። ከሥሩ ይፈልቅ የነበረውም ምንጭ ሳስቷል፤ ለሴቶቹም የውሃው መንገድ ረዝሞባቸዋል።

ጀማል፣ አሁን ቆርቆሮ ቢተካውም የዚያ አገር ጎጆ የሚከደነው በጨፌ ነበር፤ ዛሬም አንዳንዱ ቤት እንደ ተከደነ አለ። ለሠርግ፣ ለበዓልና ለቡና ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው ያው ጨፌ ነው። ይህን ስሰማ የሁለታችን እናቶች ቤት ትዝ አለኝ። በእናንተ ቤት ቡናው ሲቀርብ ረከቦቱ የሚቀመጠው በእርጥብ ጨፌ ላይ ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ በቅዳም ስዑር ካህኑ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጤማ ያመጡልን ነበር፤ እናቴ ከእርሱ ከፍላ በግንባራችን ላይ ታስርልናለች። ለኖኅ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ርግብ ቅጠል ይዛ እንዳበሠረችው ሁሉ፣ ቄጤማው ለእኛ የትንሣኤው ብሥራት ነው። በመስከረም መጨረሻ የኢሬቻው ሕዝብ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር ይወርዳል፤ ሣሩን ውሃ እያስነካ፣ ክረምቱን በሰላም ያሳለፈውን ፈጣሪ ያመሰግናል። በገዳ ሥርዓትም ሕግ የሚመከረው በለመለመ መስክ ላይ ተቀምጦ ነው፤ የኦሮሚያ ምክር ቤት ዛሬም ጨፌ የሚባለው ከዚያ በመነሣት ነው። ሃይማኖታችንና ቋንቋችን የተለያየ ቢሆንም፣ ደስታችንንና ምስጋናችንን የምናነጥፈው ከአንድ ረግረጋማ መሬት በታጨደ ሣር ላይ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ቅርስ የለንም፤ ግንብ ስላልሆነ ግን ማንም እንደ ጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዘብ አላቆመለትም።

ወደ ጅማ ስመለስ በቦዬ በኩል ገባሁ፤ ልቤም አዘነ። ውሃው አሁንም አለ፤ ጉማሬዎቹም አሉ። ነገር ግን ዳር ዳሩ ለጡብ ሸክላ እየተቆፈረ፣ ለሰብል እየተንጣፈፈ፣ ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ጨፌው ወደ መካከል እየሸሸ ነው። የከተማችንን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚወርደው የአዌቱ ወንዝ ከግልገል ጊቤ ወንዝ ከመድረሱ በፊት ደለሉን የሚያራግፈው በዚህ ሣር ውስጥ ነው፤ ሣሩ ካለቀ ደለሉ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ መውረዱ አይቀርም። ኢሉባቦር ባየሁት ዓይን ሳየው የጎደለው ግልጽ ሆነልኝ፦ በጅማ ጨፌ ሁሉም የየራሱን ቁራሽ ያዛል፤ የውሃውን ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር የሚመለከት አባ ለጋ ግን የለም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። አጎትህን ሄርማታ ገበያ አግኝቻቸው ነበር። በቦዬ ዳር ያለውን የአባትህን የውርስ መሬት እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ በመጪው ክረምት ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት እንደ ወሰኑ ነገሩኝ። አልፈርድባቸውም፤ አጣና በጥቂት ዓመት ውስጥ ገንዘብ ይሆናል፤ ቤተሰቡም ይቸገራል። ሆኖም ባሕር ዛፍ ከሥሩ ያለውን ውሃ ይጠጣል፤ አንዴ የደረቀን ጨፌ መልሶ ማብቀል ደግሞ እጅግ ከባድ መሆኑን በዓይኔ አይቼ መጥቻለሁ። ዛፉን ከመንገዱ በላይ ባለው ደረቅ ዳገት ላይ ቢተክሉ፣ የታችኛውን እርጥብ ክፍል ግን ለጨፌ ቢተዉት፣ በበዓላት ሰሞን አጭደው ለገበያ ማቅረብ ይችላሉ፤ ለፋሲካና ለሠርግ እርጥብ ሣር የሚፈልግ ሰው በፈረንጅ አራዳም ሆነ በቦሳ ኪቶ ጠፍቶ አያውቅም። ከጎረቤቶቻቸው ጋርም ተማክረው የቦዩን ነገር በአንድ ሰው ኃላፊነት ሥር ቢያደርጉት፣ ሌሎቹ ባለ መሬቶች እንደሚከተሏቸው ተስፋ አለኝ።

እኔ ብነግራቸው የጎረቤት ምክር ነው፤ አንተ ብትጽፍላቸው ግን የወራሹ ቃል ስለሆነ ይሰሙሃል። ችግኙ የሚገዛው ከበልግ በፊት ነውና ደብዳቤህ እስከ ጥር ቢደርስ መልካም ነው። ለእኔም አንድ ሁለት መስመር ጨምርልኝ፤ ስለ ልጆችህ ትምህርትና ስለ ጤናህ ለመስማት እጓጓለሁ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወንድምህ፣
ተስፋዬ