ግልጽ ደብዳቤ፦ ለእንጅባራ ከተማ አስተዳደርና ለከተማዋ የባህልና ቱሪዝም ሥራ ኃላፊዎች

ክቡራን፣

ከመናኸሪያው አካባቢ ቁርስ ቤት ከፍቼ የምሠራ፣ ኮሶበር እያልን የምንጠራት የእንጅባራ ነዋሪ ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው። በከተማችን የሚካሄዱ በዓላት፣ ውድድሮች፣ ባዛሮችና የኪነ ጥበብ ምሽቶች ቀናቸው፣ ሰዓታቸውና ቦታቸው ተጽፎ ቢያንስ ከወር በፊት ለሕዝብ ይገለጽልን።

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል መሆኑን ለኛ የሚነግረን አያስፈልግም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት አገሩ ገና ከጣልያን እጅ አልወጣም ነበር። አባቶቻችን በዚያ ጊዜ ተሰባስበው የዓድዋን ድልና በዘመቻው ከአርበኛው እኩል የደከመውን ፈረስ ለማሰብ ማኅበር አቋቋሙ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን በጊዮርጊስ ዕለት ነው የተዋጋነው፤ የፈረሰኞቹም በዓል በጥር ጊዮርጊስ ይውላል። ማኅበሩ ደግሞ ለጉግስና ለግልቢያ ብቻ የቆመ አይደለም። አባል ሲሞትበት ይደርሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል። እንዲህ ያለ ነገር በእጃችን ይዘን በዓሉን የአንድ ቀን ግርግር አድርገን እንዳናስቀረው ብዬ ነው የምጽፈው።

ቀኑን ማወቅና ፕሮግራሙን ማወቅ ለየቅል ናቸው። ከዚገም ወይም ከአንከሻ ገጠር የሚመጣውን ፈረሰኛ አስቡት። ፈረሱን ለሽምጥ ያዘጋጀው ዛሬ አይደለም፤ ከእርሻና ከጭነት አሳርፎ፣ ገብስ እየጨመረለት ከርሟል። ኮርቻውን አሳድሷል፣ የግላሱን ዘርፍ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ክር አሠርቷል። ጎረቤቶቹን ይዞ በዋዜማው ይነሣል። ከተማ ሲደርስ ፈረሱን የት እንደሚያስር፣ ከየት ውኃ እንደሚያጠጣ፣ ሣር የሚሸጥ ሰው የት እንዳለ ቀድሞ ቢያውቅ ማታውን በጭንቀት አያሳልፍም። ላብ ያሰመጠው ፈረስ በጥር የኮሶበር ብርድ ሜዳ ላይ ሲያድር ምን እንደሚሆን ከናንተ መካከል ፈረስ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋትስ? ትርኢቱ በሦስት ሰዓት ይጀመራል ከተባለ በሦስት ሰዓት ይጀመር። እንግዶች እስኪገቡ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ተጭኖና ተለጉሞ ፀሐይ ላይ የቆመ ፈረስ ሜዳው ሲከፈትለት ጉልበቱ አልቋል። ተመልካቹ የሚያየው የደከመ ፈረስ ነው፤ የሚያፍረው ግን ጌታው ነው።

እኔ ወደማውቀው ወደ ምጣዱ ልምጣ። እንጀራ የሦስት ቀን ሥራ ነው። ሊጡ ዛሬ ተቦክቶ ነገ አይጋገርም፤ በኛ ብርድ ደግሞ ከሦስት ቀንም ያልፋል። ነገ ስታዲየም ውስጥ ትልቅ ዝግጅት አለ የሚል ወሬ ማታ ሲደርሰኝ ማድረግ የምችለው ዳቦ መግዛትና ሻይ ማፍላት ነው። እንግዳው ሽሮና እንጀራ ጠይቆ አጥቶ ይሄዳል፤ እዚያው ብር ሊያወጣ የመጣ ሰው ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ዝግጅት አለ ተብሎ ሊጥ በብዛት ይቦካል፣ ሥጋ ይገዛል፣ ዝግጅቱ ይቀራል፣ ማንም አይነግረንም። ያ ሊጥ ሆምጥጦ ይደፋል። የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ አይጠፋችሁም። እንዲህ ዓይነቱን ኪሳራ ዝግጅቱን የጠራው ክፍል አያየውም፤ የሚያዩት እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ጠጅና ጠላ ጠማቂዎች፣ አልጋ የሚያከራዩ እናቶችና ባጃጅ ነጂዎች ናቸው።

የቀርከሃ ሠራተኞቻችንም ከዚሁ አይወጡም። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የተደረደረውን ወንበር፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ በመስኮት ያየዋል። ወርዶ የሚገዛው ጥቂት ነው። ትልቁ ወንበር በአውቶቡስ ጣሪያ መጫን አለበት፤ ያ ለእንግዳ ይከብደዋል። የበዓል እንግዳ የሚወስደው በእጅ የሚያዝ ነገር ነው፦ ትሪ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የእስክሪብቶ ማኖሪያ፣ የልጅ መጫወቻ ፈረስ። ባለሙያው ይህን ለመሥራት ቀርከሃው ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ መዘጋጀት አለበት። የኤግዚቢሽን ቦታ እንደሚሰጠው በኅዳር ቢነገረው ለጥር ይደርሳል። በጥር ቢነገረው አይደርስም።

አሁን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከጥምቀት እስከ ፈረሰኞቹ በዓል ያሉት ቀናት 12 ናቸው። አዝመራው ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ከየአገሩ የሚመጣው ዘመድ ብዙ ነው። እንግዳው ለሰርግ መጥቶ ከሰርጉ በኋላ የሚያደርገውን ያጣል። እነዚህን 12 ቀናት በስም የታወቀ የከተማው የበዓል ሳምንታት አድርጓቸው። በአንዱ ምሽት ሽማግሌዎች ስለ ፈረስ ስምና ስለ ጉግስ ሥርዓት ያውሩን፤ የፈረሱን ስም ከጌታው ስም አስቀድሞ የሚጠራ ሕዝብ ነን፣ ልጆቻችን ግን ከአባ ታጠቅና ከአባ ዳኘው በቀር የአያቶቻቸውን የፈረስ ስም አያውቁም። በሌላ ምሽት በአገው ቋንቋችን በአውንግኛ ግጥምና ዘፈን ይቅረብ፤ በአዳራሽ መሆኑ ግድ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃል። አንድ ቅዳሜ የዘንገና ሐይቅን ዙሪያ የሚያስጎበኝ የእግር ጉዞ ይዘጋጅ፤ ከከተማችን በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተቀመጠ ሐይቅ ይዘን ልጆቻችን ያላዩት መኖራቸው ያሳዝነኛል። ሌላ ቀን የሩጫ ውድድር፣ ሌላ ቀን የቀርከሃ ገበያ። ለዚህ ብዙ ብር አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች አሉት፣ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃና የድራማ ክበብ አላቸው፣ ፈረሰኞቹ ራሳቸው የተደራጁ ናቸው። የጎደለው አንድ ወረቀት ላይ የሚያሰባስባቸው ነው።

ስለ ወረቀት ካነሣሁ፣ ማስታወቂያው እንዴት እንደሚነገር አደራ እላለሁ። በስልክ ብቻ አይሁን። ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ስማርት ስልክ የሌለው ደግሞ ብዙ ነው፣ በተለይ ፈረስ ያለው ገበሬ። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያም የሚያነበው እዚያ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። መናኸሪያው፣ ገበያው፣ ጤና ጣቢያው፣ የዩኒቨርሲቲው በር፣ የወፍጮ ቤቱ ግድግዳ፤ ሰው ቆሞ የሚጠብቅባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። በገበያ ቀን ሞንታርቦ የጫነች መኪና ትዙር። ከቅዳሴ በኋላና ከጁምዓ በኋላ አባቶች እንዲናገሩ ይጠየቁ፤ ዕድሮችም ይህን በደስታ ያደርጉታል። ጽሑፉ በአማርኛም በአውንግኛም ይሁን። ቤታቸው አውንግኛ የሚናገሩ እናቶች በገዛ ከተማቸው የበዓሉን ሰዓት በጎረቤት አፍ ብቻ የሚሰሙ መሆን የለባቸውም።

ስለ ሜዳው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ግልቢያው ሲጀመር ሕዝቡ እየገፋ ወደ መስመሩ ይገባል። ሕፃናት ከፊት ናቸው። በሽምጥ የሚመጣ ፈረስ ድንገት ሊቆም አይችልም፤ ፈረሰኛው ልጓሙን ቢይዝም የፈረሱ ክብደትና ፍጥነት ይወስደዋል። ገመድና አጠና፣ ቀይ ሰደርያ ያደረጉ አስተናባሪ ወጣቶች፣ አንድ አምቡላንስ፣ ንጹሕ ውኃና ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ። እነዚህም ፕሮግራሙ ውስጥ ይጻፉ፤ እናት ልጇን ይዛ ለመምጣት የምትወስነው ይህን አይታ ነው።

ያለንበት ጊዜ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጸጥታው ሁኔታ ፕሮግራም ሊያስቀይር፣ ሊያሰርዝም ይችላል። ለዚህ ማንም አይወቅሳችሁም። የምንለምናችሁ ሲቀየር እንድትነግሩን ነው፦ በተነገረበት መንገድ፣ በተለጠፈበት ቦታ ላይ፣ «ተሰርዟል» ወይም «ወደዚህ ቀን ተዛውሯል» ተብሎ። ከገጠር ሌሊት የሚነሣው ፈረሰኛ ከመነሣቱ በፊት ይስማው።

ከጥር ውጭ ላሉት ወራትም መርሐ ግብሩ በየሦስት ወሩ ቢወጣ ይበቃናል። የመስቀል ደመራ፣ የየካቲት 23 መታሰቢያ፣ የቀበሌዎች የእግር ኳስ ጨዋታ፣ የተማሪዎች ምረቃ፣ የመጻሕፍት ባዛር፣ የደም ልገሳ ቀን፤ ሁሉም በአንድ ገጽ። ከሥራ በኋላ ከፑልና ከጫት ቤት በቀር መሄጃ የሌለው ወጣት ዛሬ ማታ ምን እንዳለ ግድግዳ ላይ አንብቦ ይሂድ።

የመጀመሪያውን ገጽ በኅዳር አጋማሽ ካወጣችሁት ለዘንድሮው ጥር ይደርሳል። ለመለጠፊያ የቁርስ ቤቴ ግድግዳ ፈቃዴ ነው፤ የመናኸሪያው ጎረቤቶቼም ተስማምተዋል።

ከአክብሮት ጋር
የኮሶበር ነዋሪ