«የፈለግከውን ስጠኝ» ያልንበትና የተውንበት ዓመት
የእጅ ጥበብና ገበያ ክበብ ዘገባ

ጥቅምት ላይ ደሴ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ክበቡን ስንጀምር 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ። መሶብ የምትሰፋ አለች። ዳንቴል የምትሠራ አለች። ማሲንቆ የሚመታ፣ በእርሳስ የሰው መልክ የሚስል፣ ከእንጨት መስቀል የሚቀርጽ፣ በስልኩ ፎቶ የሚያነሳ አለ። የሙያ ችግር እንደሌለ በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው። «ሰው ሥራህን ወደደውና ‹ስንት ነው?› ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

የአብዛኞቹ መልስ አንድ ነበር። «የፈለግከውን ስጠኝ።» አንዷ ደግሞ «ለእርስዎማ ምን ይባላል ቲቸር» ብላ መሬት መሬቱን አየች።

ዓመቱን ሙሉ ከዚህ መልስ ጋር ነው የታገልነው።

መልሱ ከይሉኝታ ይመጣል። እኛ ወሎ ውስጥ ስለ ገንዘብ ቀድሞ ማንሳት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ጎረቤት «እስቲ ይህን ሥሪልኝ» ሲል ዋጋ መጥራት ጉርብትናን መሸጥ ይመስላል። ከይሉኝታው በታች ደግሞ የቆየ ቁስል አለ። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ አዝማሪውን በሥራው ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ከክበባችን አንዱ ልጅ ግን አባቱ ሸማኔ መሆኑን ለክፍል ጓደኞቹ የተናገረው ዘንድሮ ነው። ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው። በሥራው የሚያፍር ሰው ዋጋውን ጮክ ብሎ ሊጠራ አይችልም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ከመጽሐፍ አስተማርኩ። ስለ ምርት፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ መሸጫ ቦታና ስለ ማስተዋወቅ ሰሌዳውን ሞላሁት። ልጆቹ ገለበጡ። የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት ሰሌዳውን ትቼ አንድ መሶብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ።

መሶቡን የሰፋችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሙያውን ከአያቷ ነው የተማረችው። አምና ይህንኑ የሚያክል መሶብ ለጎረቤት በ500 ብር ሸጣለች። «አተረፍሽ?» አልኳት። «አዎ፣ 120 ብር» አለች። ስንደዶው፣ አክርማውና ቀለሙ 380 ብር ፈጅቶባታል። ሒሳቧ ልክ ነበር። ከዚያ ስንት ቀን እንደፈጀባት ጠየቅናት። ዘጠኝ ቀን፣ ከትምህርት በኋላ ሦስት ሦስት ሰዓት። 27 ሰዓት ማለት ነው። 120 ብር ለ27 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 4 ብር ከ44 ሳንቲም ይመጣል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ «ባጃጁን ደምረሻል?» አላት። አልደመረችም። ስንደዶውን ለመግዛት እዚሁ ከተማችን ካለው ሰኞ ገበያ ደርሶ መልስ 40 ብር ከፍላለች። የሰዓት ክፍያዋ ወደ 3 ብር ወረደ።

ልጅቷ እንዳታፍር ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ደብተሯን አውጥታ እንደገና አሰላች። የሰዓት ድካሟን 30 ብር አለች። 27 ሰዓት 810 ብር ሆነ። የዕቃው 380፣ የባጃጁ 40 ሲጨመርበት 1,230። በመንገድ ለሚበላሽና ሳይሸጥ ለሚከርም ትንሽ ጨምራ 1,400 ብላ ጻፈች። ይህ ቁጥር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በደንብ ተነጋገርን። ከዚህ በታች ከሸጥኩ ጉልበቴን በነጻ እየሰጠሁ ነው የሚያሰኝ ቁጥር ነው። ሰው ይህን ያህል ይከፍላል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ገበያ ውስጥ እንጂ ደብተር ላይ የለም። ገዢ ካልተገኘ ዋጋ ከመስበር በፊት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። መጠኑን ማሳነስ፣ ጥለቱን ማቅለል፣ ወይም ሌላ ዓይነት ገዢ መፈለግ ይቻላል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሁሉም አባል ለእያንዳንዱ ሥራው አንድ ገጽ ያዘ። ዕቃ፣ ትራንስፖርት፣ ሰዓት፣ ዋጋ። ዘጠኝ ልጆች በዚህ ጊዜ ክበቡን ተዉ። ሒሳቡ ሰለቻቸው። ልወቅሳቸው አልችልም፤ የመጡት ለመሳልና ለመዝፈን ነበር። ቢቆዩልኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

በአጋማሽ ዓመቱ እረፍት 14 ሆነን ወደ ባቲ ወረድን። ቀኑ ሰኞ ነበር። የባቲ ሰኞ ገበያ ከደጋ የሚወርደው አማራ፣ የአካባቢው ኦሮሞና ከቆላ የሚመጣው አፋር የሚገናኙበት ነው። የልጆቹ ሥራ መግዛት አልነበረም። ሦስት ሦስት ሆነው አንድ ሻጭ መርጠው ለአንድ ሰዓት እንዲያዩ ነው የላክኋቸው።

አንደኛው ቡድን ሰፌድና አገልግል ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ገዢ አትጠራም። አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። ወስፌው ይወጣል፣ ይገባል። መንገደኛው መጀመሪያ የሚያየው እጇን ነው። ይቆማል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ተደረደረው ሥራ ይሄዳል። ልጆቹ ለምን እንደማትጠራ ጠየቋት። «እጄ ሥራ ከፈታማ ማን ያየኛል» አለቻቸው። ሌላም ነገር ነገረቻቸው። ሰው «ቀንሺ» ሲላት አትቀንስም፤ ትመርቃለች። ከትርፍራፊ ስንደዶ የተሰፉ ትንንሽ የስኒ ማስቀመጫዎች አሏት። አንዷን ታክላለች። ገዢው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ዋጋዋም አልተሰበረም። ነገ ያ ሰው ለጎረቤቱ ሲነግር የሚጠራው ሙሉውን ዋጋ ነው። እኔ ሦስት ሳምንት ያስተማርኩትን እሷ በአንድ ሰዓት አስተማረችልኝ። ልጆቹ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ያወሩት ስለ እሷ ብቻ ነበር።

የማሲንቆው ልጅ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አገሩ አምባሰል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የእኛው የወሎ አገር ስም እንደሆነ ለክበቡ ያስረዳው እሱ ነው። ጥር ላይ አንድ ሰርግ ጠሩት። እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወተ። እራት በላ፣ ተመረቀ፣ «ነገ እንደውልልሃለን» ተባለ። ስልኩ አልተደወለም። እሱ ሲደውልም አልተነሳም። በማግስቱ ክበብ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «አብሽር» ያሉት ጓደኞቹ ናቸው። በዚያው ቀን ቁጭ ብለው አንድ ገጽ ውል አረቀቁለት። ቀኑ፣ ቦታው፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ ማታ ቤቱ የሚያደርሰው ማን እንደሆነ፣ ክፍያው፣ ቀብዱ።

ቀብድ ላይ ቆም ብለን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አየን። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ልጆቹ የመጀመሪያውን ሲሰሙ አጨበጨቡ። ሁለተኛውን ሲሰሙ ዝም አሉ። ቀብድ የተቀበለ ዘፋኝ «ዛሬ አሞኛል» ብሎ ስልኩን ሊያጠፋ እንደማይገባ ያኔ ገባቸው። ከሚያዝያ ወዲህ ልጁ ሦስት ሰርግ ሠርቷል። ሦስቱም ግማሹን ቀድመው ከፍለውታል።

ከላስታ መጥቶ ደሴ አክስቱ ጋር የሚማር መስቀል ቀራጭ አለን። አጎቱ ላሊበላ ውስጥ ለውጭ አገር ቱሪስት ይሸጥ ነበር። ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ቱሪስቱ ጠፋ። ሱቁ ተዘጋ። ልጁ ከዚህ የወሰደውን ራሱ ለክበቡ ነገረን። ለገና የሚመጣው ምዕመን ትልቅ የግድግዳ መስቀል ተሸክሞ አይመለስም፤ በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ መስቀል ግን ለራሱም ለልጆቹም ይገዛል። ስለዚህ አሁን ከትልቁ እንጨት ቁራጭ ትንንሾቹን ይቀርጻል። በአንድ ዓይነት ገዢ ላይ ብቻ ቤት መሥራት ምን እንደሚያመጣ ከእሱ በላይ ማንም ሊያስረዳን አይችልም ነበር።

ስለ ፎቶ አጭር ላድርገው። ጥሩ ካሜራ የለንም፣ አያስፈልገንምም። ጠዋት በምሥራቁ መስኮት በኩል ብርሃን ይገባል። ነጭ ነጠላ ከኋላ እንወጥራለን፣ ፍላሽ እናጠፋለን፣ መጠኑ እንዲታወቅ በአንዱ ፎቶ ላይ እጅ እናስገባለን። በቃ። የቴሌግራም ቻናላችንን ስንከፍት ግን ትልቅ ክርክር ተነሳ። አብዛኛው ሻጭ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ የፈለገ ለብቻው መልእክት ልኮ ይጠይቅ ማለቱ ነው። ግማሾቹ ልጆች እንደዚያ እናድርግ አሉ። የመሶቧ ልጅ ተነስታ «እኛ ዋጋ መጥራት ስላፈርን ነው እኮ የተሰባሰብነው» አለች። ድምፅ ሰጠን። ዋጋው ከፎቶው ሥር በግልጽ ይጻፋል።

አንድ ያሳዘነን ነገርም ገጠመን። የሥዕል ልጃችን የሳለውን የአረጋዊት ሴት ምስል አንድ ማተሚያ ቤት ከስልክ ላይ ወስዶ ቲሸርት ላይ አትሞ ሲሸጥ አገኘነው። ስሙም የለበትም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን አብረን አነበብን። ሥራው የራስህ ፈጠራ ከሆነና ወረቀት ላይ ከሰፈረ መብቱ ሳይመዘገብም ያንተ ነው። ጥበቃው በሕይወት ዘመንህና ካለፍክ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ሥዕሉን መሸጥና ሥዕሉን የማባዛት መብት መሸጥም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ ከአባቱ ጋር ሄዶ በትህትና ተነጋገረ። ባለቤቱ የቀሩትን ቲሸርቶች አወረደ፣ ለተሸጡትም ከፈለ። አሁን ልጁ ሥራውን ሲለጥፍ ጥግ ላይ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን ይጽፋል።

ግንቦት ላይ የወላጆች ቀን መጣ። ልጆቹ ከጠረጴዛ ጀርባ አልቆሙም። እንደ ባቲዋ ሴት እየሠሩ ተቀመጡ። የዋጋ ካርድ በየሥራው ላይ፣ የቴሌብር ቁጥር ግድግዳው ላይ። አንድ አባት መሶቡን አንስተው «800 ብር ልስጥሽ» አሉ። ልጅቷ ቀና ብላ «አባባ፣ ይህ 27 ሰዓት ፈጅቶብኛል። በ800 የሚሆን ሌላ አለኝ» ብላ ትንሹን አቀረበች። ትንሹን ገዙ። እሷም የስኒ ማስቀመጫ መረቀችላቸው። ትልቁ መሶብ በዚያ ቀን አልተሸጠም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በቴሌግራም አይታ ከኮምቦልቻ የመጣች ሴት 1,400 ብሯን ከፍላ ወሰደችው።

አያቷ ዋጋውን ሲሰሙ መጀመሪያ አላመኑም አለችኝ። ከዚያ እሳቸው በዕድሜያቸው ሰፍተው ለሰው የሰጧቸውን መሶቦች አንድ በአንድ እየጠሩ ሲቆጥሩ አመሹ። የማን ሰርግ፣ የማን ክርስትና፣ የማን ኒካ።

በወላጆች ቀን 6,350 ብር ገብቷል። አሥር በመቶው፣ 635 ብር፣ ለክበቡ ቀርቷል። በእሱ ለመስከረም ደረሰኝ ደብተርና ወስፌ እንገዛለን። ሁለት ሰዎች ቀሪ ክፍያ አለባቸው፤ ማስታወሻ ተጽፎላቸዋል። ክረምቱን ደሴ የሚከርሙ አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለው ክፍል ይገናኛሉ። አዲስ መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ የሠራውን አንድ ነገር ይዞ ይምጣ፤ ስንት ሰዓት እንደፈጀበትም ጽፎ ይምጣ።