ሳጥንሽ ወረታ ነው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔም ልጆቹም ከናፍቆትሽ በቀር መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። ባህር ዳር ሙቀቱ በርትቷል። ይህን የምታነብልሽ የእህቴ ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ፈተና ላይ እንዳለች አትሩጥበት።

በፋሲካ ስመጣ የሆነውን አልረሳሁም። ስለ ክረምቱ ገና አፌን ስከፍት "ዝናብ ሳይጥል ጎርፍ ትጠራለህ፣ ሟርተኛ!" ብለሽ በረካውን እንኳ ሳልጠጣ አስነሳሽኝ። መንገድ ላይ ሳስበው ሳቄ መጣ። እስቲ ልጠይቅሽ። የእድራችሁ ድንኳን የት ነው ያለው? ብረት ድስቱስ፣ አግዳሚ ወንበሩስ? ከየቤታችሁ ወጥቶ በእድሩ ቤት ተቆልፎበታል። ሰው ሳይሞት ድንኳን ገዛችሁ ብሎ ሟርተኛ ያላችሁ አለ? እኔም ለክረምቱ ምግብና ዕቃ በሳጥን አድርጌ ወረታ አክስቴ ቤት ሳስቀምጥልሽ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

የ1998ቱን ነሐሴ አስቢው። ርብ በአንድ በኩል፣ ጉማራ በሌላ በኩል ሞልተው ወጡ። ጣናም ራሱ ሞልቶ ስለነበር ወንዞቹን አልቀበል አለ። ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ሜዳው ላይ ተኛ። እህል አጥተን ነበር እንዴ? አልነበረም። ጎታው እስከ ወገቡ ሩዝ ነበረው። ግን ጎታ ጭቃና እበት ነው፤ ውሃ ሲተኛበት ከታች ጀምሮ መልሶ ጭቃ ሆነ። በኋላ ሆዱ ተቀደደና ሩዙ ተዘረገፈ፣ አብጦ፣ ሸትቶ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእጁ እያፈሰ ሲያሸተው እስከ ዛሬ ይታየኛል። ዱቄቱም፣ ላምባውም፣ የእኔ የትምህርት ቤት ካርድም እዚያው ነበሩ። ሁሉም አንድ ቤት ውስጥ ስለነበር ሁሉም አብሮ ሄደ።

"እህል ጨምረሽ ቤት አስቀምጪ" ያላልኩሽ ለዚህ ነው። የጣና ሰዎች ድሮም ያውቁበታል። ክፉ ዘመን ሲመጣ ንዋየ ቅድሳቱን በታንኳ ወደ ደሴት ገዳማቱ እያሻገሩ ነው ያተረፉት። የኛ ደሴት እንግዲህ የአክስቴ ቤት ናት። ባህር ዳር አንተ ቤት ለምን አልሆነም ትይኛለሽ። መሐላችን ጉማራ አለ። እሱ ሞልቶ መንገዱን ከቆረጠ ሳጥኑ እኔ ጋ፣ አንቺ ከወዲያ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር በእግርሽ የምትደርሺበት መሆን አለበት። ወረታ ደግሞ የአክስቴ ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ በዚያ ዓመትም ውሃ አልነካውም።

አሁን ስለ ሳጥኑ። ቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ አይጥ እንዳይበላው። ሁለት እንጨት ላይ አስቀምጬ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቄዋለሁ፤ አለበለዚያ እርጥበት ከመሬትም ከግድግዳውም ይስባል። ውስጡ ያለው ሁሉ የጾም ነው። ጎርፉ የሚበረታው ፍልሰታ አካባቢ ስለሆነ አንቺ ደግሞ እንኳን ጎርፍ ምን ቢመጣ እንደማትገድፊ አውቃለሁ። አክስቴ ቋንጣ ካልጨመርኩ ብላ ነበር፣ እምቢ አልኳት። በሶ በርከት አድርጌያለሁ፣ እሳት ስለማይፈልግ። ማገዶው ረጥቦ ሽሮ ምን ያደርግልሻል? በሶ በጨው በጥብጠሽ ትጠጪዋለሽ፣ ዘይት ካለ ትጨብጪዋለሽ። ቆሎና ድርቆሽም አለ። ሩዙን ፒክስ በሚሉት ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አስሬዋለሁ። አየር ስለማያስገባ ነቀዝ ውስጡ ታፍኖ ይሞታል። አፉን ግን በየጊዜው እየፈታችሁ "እስቲ እንየው" አትበሉ፤ አየር ከገባ ጥቅሙ ቀረ። (አንቺ ልጅ፣ ይህችን ሁለት ጊዜ አንብቢላት።)

መጀመሪያ ሳዘጋጀው ተበላሽቶብኝ ነበር፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። አምና የላምባውን ጠርሙስ ከሽሮው ጋር አንድ ላይ ከተትኩት። ክዳኑ ደህና ተጠምዝዟል ብዬ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ አክስቴ ከሽሮው ጭልፋ አውጥታ ብትሠራ ወጡ ላምባ ላምባ አላት። "ወንድ ልጅ ጓዳ ሲገባ እንዲህ ነው" ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው። ባትሪውንም ድንጋዩን ሳላወጣ አስቀምጬው አረንጓዴ ዝገት በልቶት ተገኘ። አሁን ላምባው ውጭ በረንዳው ስር ነው፣ ድንጋዮቹም ለብቻ በፌስታል ተጠቅልለዋል።

ውሃው በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካኖቹ አዲስ ናቸው፤ ዘይት የነበረበትን አላመጣሁም። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ከሆነ አንዱ ብቻውን ለአንድ ሰው አምስት ቀን ያህል ያደርሳል። በየስድስት ወሩ ይቀየራል። ጎርፍ ካለፈ በኋላ የጉድጓዱን ውሃ ዝም ብለሽ እንዳትጠጪ፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ተቀላቅሎበታል። ለዚያ "ውሃ አጋር" የሚሉትን የውሃ ማከሚያ ገዝቻለሁ፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ልጅቷ ታደርግልሻለች፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃላችሁ። አጎበርም አለ፤ ውሃው ሲሸሽ ወባ እንደሚከተል ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

የግፊት መድኃኒትሽ ግን ሳጥኑ ውስጥ ብቻ መሆን የለበትም። የአንድ ሳምንቱ ከአንቺ ጋር፣ በሩ ጀርባ በምሰቅልልሽ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። የወሩ ወረታ ይቀመጣል። አዲስ በተገዛ ቁጥር አዲሱ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ የሳጥኑ ወደ አንቺ ይመጣል። እንዲህ ከሆነ ቀኑ የሚያልፍበት የለም። ቦርሳው ውስጥ ባትሪ፣ ዝርዝር ብርና የመታወቂያሽን ኮፒ እጨምራለሁ። የመሬት ደብተሩን ደግሞ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ። ኮፒ አስነስቼ አንዱን ሳጥኑ ውስጥ፣ አንዱን እኔ ጋ አኖራለሁ። ዋናው በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይሁን። ስልኬ ላይም ፎቶ አነሳዋለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ስልክ አይታመንም።

"እህቴ ቤት ዕቃ አላጨናንቅም" እንደምትይ አውቃለሁ። ይሉኝታሽ ይገባኛል። እሷን ጠይቄያታለሁ። ቁልፉ ሁለት ነው፣ አንዱ እሷ ጋ ነው፤ ቢቸግራት ከፍታ ትጠቀም ብያታለሁ። ደስ ብሏታል፤ "እንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ መጥታ ታድር ይሆናል" ነው ያለችው። አንዱን ቁልፍ ለአንቺ አመጣዋለሁ። ከማተብሽ ጋር እንዳታስሪው ብቻ፣ ይከብድሻል።

ለግንቦት ልደታ እመጣለሁ። ወረታ ጎራ ብዬ ሳጥኑ ውስጥ የቆየውን በሶ አውጥቼ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ አብረን እንበላዋለን። አዲሱን አክስቴ ትቆላዋለች። ሁለተኛው ቅያሬ መስቀል ሲያልፍ ነው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ባለፈው "ቡና የሌለበት ሳጥን ምን ያደርግልኛል" ያልሽውን ሰምቻለሁ። አንድ ኪሎ የዘጌ ቡና ገብቷል፣ ጥሬውን፣ የተቆላ ሽታው ስለሚጠፋ። ጀበናዋ ትንሽ ናት፤ እንዳትሰበር በአሮጌ ነጠላሽ ጠቅልያታለሁ። ነጠላው የጠፋብሽ ለዚህ ነው፤ ልጅቷን አትቆጪያት።

ልጅሽ